ድምፅ የተሰጠበት ቁጥር

መምህር አትናቴዎስ የሰው ጅልነት ልክ ያለው ይመስለው ነበር፤ ለካ የለውም። ጉዳዩ እኮ አንድ ቁጥር ነው፤ አንድ ሚሊዮን አንድ። የሒሳብ ውድድሩ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም ይላል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ቀሪ ሳይተርፍ የሚያካፍለው አለ ወይ ለማለት ነው። አዘጋጅ ኮሚቴው ባሳተመው የመልስ ወረቀት ላይ “ብቸኛ ነው” ይላል። የእሱ ተማሪ ኮከብ ግን ከሦስት ጀምራ ስታካፍል ስታካፍል ቆይታ፣ “አይደለም፤ 101 ያካፍለዋል” ብላ ጻፈች። ኤክስ ተሰጣት። መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ከገጠር በሚላክላት በሶ የምትማር ልጅ፣ በዚያች በአንዲት ነጥብ ለቀጣዩ ዙር ደብረ ብርሃን ከሚሄዱት ተወዳዳሪዎች ተቆረጠች።

አትናቴዎስ አቤቱታ አስገብቶ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ አሳያቸው። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ በመቶ ሲባዛ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሺህ አንድ መቶ ነው፤ ያንኑ አንድ ጊዜ ሲደምሩበት አንድ ሚሊዮን አንድ ይመጣል። ሰብሳቢው አቶ ይታየው በጥሞና ተከታትለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ብዜቱ ላይ ችግር የለብንም መምህር። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። መልሱ ማኅተም አርፎበታል።”

ደሙ ፈላ። ደግሞ አስረዳ፤ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ሽምግልና የለመደባቸው ጸሐፊዋ ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ ሰው ከሚቀያየም በከፊል ብቸኛ ነው ብንልስ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። በመጨረሻ እጅ ይውጣ ተባለ። በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ አንድ ሚሊዮን አንድ ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ዋለ።

ቀጥለው አቶ ይታየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጅቷን የሚጠላት የለም፤ በልዩ አስተያየት ትሂድ። ብቻ መምህሩ ውሳኔውን ተቀብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርም፤ አቤቱታው ካልተዘጋ ስሟ አይላክም፤ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ያበቃል። አትናቴዎስ ብዕሩን ያዘ። እነሱንም፣ ማኅተማቸውንም፣ ራሱንም ረገመ። ፈረመ።

ኮከብ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ቅዳሜ እንደምትሄድ ነገራት።

“ቁጥሩስ ቲቸር? ተካፈለ?”

“ትሄጃለሽ አልኩሽ እኮ!” አለና ጮኸባት። ቀኑን ሙሉ ያመቀው ንዴት ምንም ባላጠፋችው ልጅ ላይ ወረደ። ወዲያው አፈረ።

እሷ ግን አልተቆጣችም፤ የምር ግራ ገብቷት ነበር።

“እዚያም ይህንኑ ቢጠይቁኝ፣ ምን ብዬ ልመልስ?”

አትናቴዎስ ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። ተማሪ ጠይቆት፣ መልሱን እያወቀ “ቅዳሜ መኪናው እንዳያመልጥሽ” ብሎ ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።