የባላምባራስ አስናቀ መልክ

ፎቶግራፍ ማንሳት ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ምክሬ «አውራ ጣትህን ጠብቅ» የሚል ነው። የእኔዋ የሳጥን ካሜራ ነበረች። ካርታ ሊያነሱ ወደ እስቴ ከመጡት ፈረንጆች አንዱ እግሩን ቆስሎ ሳጥብለት ከረምኩና ሲሄድ ሰጠኝ። እንዲህ ባለችው ካሜራ ዓይን የሚያይበት ቀዳዳ ሌላ፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሌላ ነው። ጣትህ ብርሃኑን ቢሸፍነው አንተ አታውቅም። ሰውየውን ወለል አድርገህ ታየዋለህ፤ ስታጥበው ግን ወረቀቱ ከሰል ሆኖ ይወጣል። ጀማሪ ሁሉ ሳያውቅ በዚህ ይሳሳታል። እኔ ግን ባላምባራስ አስናቀን ባነሳሁ ቁጥር የምሳሳተው አውቄ ነበር።

ይርጋ ተሻገር እባላለሁ። ያኔ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ድሬሰር ነበርኩ፤ መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ። በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ ካሜራዬን አንግቼ እዞራለሁ። ፊልምና መድኃኒቱን የሚያመጣልኝ ደብረ ታቦር የሚመላለሰው ሾፌር ነው። የእናቴን የእህል ጎተራ መስኮቱን በጭቃ ደፍኜ፣ ፋኖሱን በቀይ ጨርቅ ሸፍኜ፣ በሦስት ገበቴ አጥባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ወረቀቶቼ ሁሉ የጤፍ ገለባ እየተለጠፈባቸው ተቸግሬ ነበር። ጎተራ ውስጥ የምታጥቡ ካላችሁ ቀድማችሁ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱ።

ባላምባራስ አስናቀ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው። አባቴ ተሻገር የሞተው ክረምት ላይ፣ ከገበያ ሲመለስ፣ ዋንቃን ሲሻገር ነው። ወንዙ ሲሞላ ሰው የሚሻገረው በጠፍር ነው፤ አንዱ ጫፉን ወገቡ ላይ አስሮ ይገባል፣ ሌላው ዳር ቆሞ ሌላውን ጫፍ ይይዝለታል። ያን ቀን ዳር ቆሞ የያዘለት አስናቀ ነበር። «ውኃው በረታ፣ እጄ ዛለ፣ አመለጠኝ» ብሎ መጥቶ አለቀሰ። እኛም አመንነው። እናቴ ቦጋለች ስለ ድካሙ ብላ የአባቴን በርኖስ አውጥታ አለበሰችው።

ዓመቱ ሳይዞር ያንኑ በርኖስ ለብሶ የወንዝ ዳሩን እርሻ የኔ ርስት ነው ብሎ መጣ። እኔ አባቴን ተከትዬ ጓል የከሰከስኩበት እርሻ ነው። እናቴ ተከራከረች። ምስክር ከሁለቱም ወገን ተሰለፈ፣ ነገሩ አልቆረጥ አለ፣ በመጨረሻ ዳኛው ለመሐላ ሰጠው። አስናቀ በማርያም ደጅ፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ ተሰብስቦ፣ ቅስናም ያላቸው መሪጌታ ገብረ መድኅን ወንጌሉን ይዘውለት፣ እጁን ጭኖ ማለ።

«ይህ መሬት የአባቴ ርስት ካልሆነ፣ ማርያም መልኬን ታጥፋው!»

በእኛ አገር የማለ ረታ ነው። እርሻው ሄደ። እርሻውስ ይሂድ! እሱ እውነተኛ ከሆነ እናቴ ሐሰተኛ ሆነች ማለት ነው። የማርያም ጽዋ ማኅበርተኞቿ በሐሰት አፍ ጽዋችን አይነካም ብለው አስወጧት። በየወሩ ማኅበሩ ሲጠጣ ዘፈኑና ምርቃቱ እስከ ደጃችን ይሰማ ነበር። እሷም በሩን ትዘጋና ጥጥ ትፈትላለች። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ትላለች፣ ሌላ ነገር አትልም። እኔም ያን የተዘጋ በር እያየሁ አደግሁ። የማርያም ጽዋ እናቴ እጅ ሳይገባ እንዳትሞት፣ አስናቀም መልኩ ሳይጠፋ እንዳይሞት፣ ሁለቱንም ተሳልኩ።

እሱ በገዛ እግሩ መጣልኝ። ባላምባራስነት በተሾመ ሰሞን ነው። ያኔ ሀብታሙ ሁሉ ፎቶግራፍ መስቀል ጀምሮ ነበር፤ ለቅሶ ላይም የሟቹን ጠመንጃና ልብስ ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፉንም ከፍ አድርጎ መያዝ በእኔ ካሜራ የመጣ ነገር ነው። አስናቀ በማርያም በዓል ዕለት ጠመንጃውን ይዞ፣ የአባቴን በርኖስ ለብሶ ፊቴ ቆመ።

«በል አንተ የተሻገር ልጅ፣ ለልጅ ልጅ የሚቀር አድርገህ አንሳኝ።»

«እሺ ባላምባራስ። ቀና ይበሉ።»

ገበሬ ካሜራ ሲያይ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ይደርቃል። ስለ በሬው ጠይቁት፤ መልሶ ተንፈስ ሲል ያን ጊዜ ተጫኑ። ሌሎቹን እንዲህ አድርጌ አነሳኋቸው። አስናቀንም ስለ በሬው ጠየቅሁት፣ ተነፈሰም። ጣቴ ብቻ ብርሃኑ ላይ ነበረች።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሰው መሐል ፎቶግራፎቹን አደልኩ። ደብተራዎቹ ወጥተዋል፣ ማኅበርተኞቹ ወጥተዋል፣ የቄሱ በቅሎ እንኳ ጆሮዋን ቀስራ ወጥታለች። የእሱ ወረቀት ጥቁር ነው።

«ባላምባራስ፣ የርስዎ እምቢ ብሎኛል። ምን እንደሆነ እንጃ» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ደግመህ አንሳኛ!»

ደግሜ አነሳሁት። ሁለተኛው ምክሬ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ ነው። እኔ ፀሐይን ከእሱ ጀርባ አደረግኋት። በርኖሱ ዳር ዳሩ ሲያበራ ፊቱ የምጣድ ቂጥ ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ አይተው አማተቡ። አንድ ሁለቱ ቤታቸው እስኪገቡ መቆየት አቅቷቸው እዚያው ዋርካው ሥር መሐላውን አስታወሱ።

ሦስተኛው የማኅበሩ ሽማግሌዎች በሙሉ ተደርድረው የተነሱት ነው። አስናቀ ከመካከል ተቀምጧል። ፊልሙን ወረቀት ላይ አንጥፌ ብርሃን ከማሳየቴ በፊት ምስር የምታህል ቁራጭ ወረቀት ቆርጬ በፊቱ ትይዩ ለጠፍኩ። ይህ ዘዴ የማትፈልጉትን ነገር ሁሉ ለማጥፋት ይረዳል፤ የዛፍ ቅርንጫፍ በሰው ራስ ላይ የበቀለ ሲመስል፣ ውሻ ሲገባ። የታጠበው ሲደርቅ ሽማግሌዎቹ እስከ ጢማቸው ጭራ ይታያሉ። በርኖሱም ይታያል። ከበርኖሱ በላይ ነጭ ባዶ ነው። ለሽማግሌዎቹ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰጠሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም፤ ያን ቀን ሁለት እንጀራ ጨምሬ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ከአስናቀ ጋር ጽዋ መቀባበል ፈራ። መንገድ ላይ ሲያገኙት ቶሎ ሰላም ብለው ፊቱን ሳያዩ ያልፋሉ። ሴት ልጁ ሐረገ ወይን ኋላ እንደነገረችኝ ሌሊት እየተነሳ ፊቱን ይዳብስ ነበር። ሰኔ ሳይገባ በመሪጌታ እግር ላይ ወደቀ። በማርያም ደጅ፣ በዚያው ወንጌል ፊት ቆሞ «የማልኩት በሐሰት ነው፤ መሬቱ የተሻገር ርስት ነው» አለ። እርሻው ተመለሰ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ። እናቴ ከበሩ ወጥታ ተቀበለችውና ጠጣች። ቸኩላ ስትጨልጠው ጠላው ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ፤ ያን ነጠላ ብዙ ጊዜ ሳታጥበው ቆየች።

መሪጌታ አስጠርተውኝ «አሁንስ ልብህ ይረፍ ልጄ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያን ሰሞን አልጸልይም ነበር።

አስናቀ ጾሙን ጨርሶ፣ ንስሐውን ፈጽሞ፣ መሪጌታን አስከትሎ ደጃችን መጣ። ጠመንጃ አልያዘም።

«እንግዲህ መልኬ ተመልሶልኝ እንደሆነ እየኝ እስቲ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያዝዘኝ ለመነኝ።

ያን ጊዜ ጣቴን ማንሳት እችል ነበር። ነገር ግን በርኖሱን እንደለበሰ ነው። መሬት መለሰ፣ ስም መለሰ፣ በርኖሱን ለመመለስ ግን ትዝ አላለውም። ደሜ ፈላ። ጣቴን ብርሃኑ ላይ አድርጌ ተጫንኩ።

በማግስቱ መጡ፤ ጥቁሩን ወረቀት በመሪጌታ ፊት ሰጠሁት። አስናቀ አገላብጦ አየው። ከደጃችን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ያንንም ታውቃለች ማለት ነው» አለ።

«ማን?» አሉት መሪጌታ።

«እመቤቴ።» ራሱን በበርኖሱ ሸፈነ። «ጠፍሩን የለቀቅሁት እጄ ዝሎ አይደለም። ተሻገር እየጮኸ ስሜን ሲጠራኝ ነው የለቀቅሁት።»

እኔ ስለ እርሻ ሳሳድደው ኖሬ የአባቴን ደም አገኘሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። እኔ ጠመንጃ ልዋስ ወደ ጎረቤት ሮጥኩ፤ መሪጌታ መስቀላቸውን የግቢያችን በር ደፍ ላይ አጋድመው «ተራምደኸው እለፍ» አሉኝ። መስቀል እንዴት ይረገጣል? ቆምኩ፣ በቁሜ አለቀስኩ።

ሽማግሌ ገባ። በእኛ ወግ ደም ያፈሰሰ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የሟች ወገን ፊት ይንበረከካል፤ ወገን ይቅር ሲል ድንጋዩ ይወርድለታል። እኔ በጄ አልልም አልኩ። እናቴ ግን ሽማግሌዎቹን «ይምጣ» አለቻቸው። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ «አንተም ካሜራህን ይዘህ ና» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በእኛ ደጋ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ያጎነበሰ ሰው ፊቱ ይጨልማል፣ ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ ከፊቱ መሬት ላይ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ አንጥፉ፤ ብርሃኑ ከነጩ ተመልሶ ከሥር ወደ ላይ ፊቱን ያበራዋል። ይህን የተማርኩት እናቴን ጥጥ ስትፈትል እያነሳሁ ነው። ደጋግሜ ሳስቸግራት «ደግሞ ነጠላዬን ላንጥፍልህ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አስናቀ ቀትር ላይ መጣ። ባዶ እግሩን፣ በአንድ እጀ ጠባብ፣ ድንጋዩ ከማጅራቱ ላይ። ተንበርክኮ አጎነበሰ። እኔ ፀሐይን ከጀርባዬ ላድርጋት ብል ከአናት ላይ ናት። ፊቱ ጨልሟል፣ አይወጣልኝም። ተናድጄ ካሜራውን ላወርድ ስል እናቴ ተነሳች። ያን ጠላ የፈሰሰበትን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ከፊቱ መሬት ላይ አነጠፈችው፤ ጠርዙን በእጇ ዘረጋጋችው።

ሽማግሌዎቹ «ነጠላዋን አነጠፈችለት! ይቅር አለችው!» ብለው ተነሱ። ሴቶች እልል አሉ። አስናቀም እያለቀሰ ቀና አለ። ፊቱ ከግንባሩ እስከ አገጩ፣ እንባው ሳይቀር፣ ወለል አለ።

አውራ ጣቴን አነሳሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። ተጫንኩ።

«አሁን ድንጋዩን አውርዱለት» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ አስናቀ ሌላ ፎቶግራፍ ተነስቶ አያውቅም። ያቺንም አላየም፤ አጥቤ ጎተራው ውስጥ አስቀመጥኳት። የሞተው ብዙ ዓመት ቆይቶ በሁዳዴ ነው። ሐረገ ወይን በጠዋት መጣች፣ ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ ይርጋ፣ ለለቅሶው የአባቴ ፎቶግራፍ ይኖርሃል? ጥቁሮቹን ሁሉ አቃጥሏቸዋል።»

አወጣሁና ሰጠኋት። ብዙ አየቻት።

«ፊቱስ እሱ ነው» አለች። «ጋሼ፣ ይቺን ድንጋይ ማጥፋት አይቻልም?»

ቁራጭ ወረቀት፣ ትንሽ ሙጫ። የእንጀራ መብያ ጊዜ አትፈጅም። ልጅቱ ምንም አላደረገችኝም፣ አውቃለሁ።

«አይቻልም» አልኳት።

ለቅሶው ላይ ጠመንጃው አለፈ፣ በቅሎው አለፈ። በመጨረሻ አልቃሽዋ ፎቶግራፉን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ዞረች፤ ባላምባራስ አስናቀ በአንድ እጀ ጠባብ፣ ድንጋዩን እንደተሸከመ፣ አገሩን ሁሉ አየ። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። እኛ ፊት ሲደርስ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ ተመለከተችው።

«ጥሩ ወጥቷል» አለችኝ ቀስ ብላ። «ነጠላው ባይኖር አይወጣልህም ነበር።»