በሳምንት አንድ ቀን ብቻ

የፕሪንተሩን ሆድ ከፍቶ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቷል። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊና የኮምፒውተር ክፍሏ ወጣት ኢንጂነር ከኋላው ቆመው ያዩታል።

"እ? ምን ሆኖ ነው?" አለ ኃላፊው።

"ምንም አልሆነም። ከእኔም ካንተም የተሻለ ጤነኛ ነው።"

ኢንጂነሯ ፈገግ አለች። ኃላፊው ግን ፊቱን አላላላም።

በዚህ ሆስፒታል በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ጣቶቹ ከፕሪንተር ቀለም ስለማይጠሩ "ጋሽ ቶነር" ይሉታል። ወረቀት ሲነክስባቸው ወይም ቀለም ሲያልቅባቸው ምድር ቤት ይደውላሉ፤ መጥቶ ያስተካክላል፤ ከዚያ መኖሩን ይረሱታል። አንድ ጊዜ እሱም ፎቅ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ እንደነበረው የሚያነሳ ሰው የለም።

"ታዲያ ይሄን ምን በላው?" ኃላፊው አንድ የተጨማደደ ወረቀት ዘረጋለት።

ለታማሚ የሚሰጥ የመድኃኒት መመሪያ ነው። የታማሚዋ ስም አለ። የመድኃኒቱ ስም አለ፤ የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት ነው። "አንድ ፍሬ ይዋጡ" ይላል። ከሥሩ በስንት ጊዜ እንደሚዋጥ የሚነገርበት ቦታ ባዶ ነው። ከባዶው ቀጥሎ "ውኃ በብዛት ይጠጡ" ይላል።

መድኃኒቱ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚዋጥ ነው። የታማሚዋ ልጅ ለእናቷ በየቀኑ ሰጥታታለች፤ አሥራ አንድ ቀን። አሁን እናትየው አፏ ቆስሎ፣ ደሟ ወርዶ፣ አራተኛ ፎቅ ተኝታለች። መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ የነበረችው ሠራተኛ፣ ሰልፉ ረጅም ስለነበር፣ "ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ" ብላ ነው የሸኘቻት።

"እኔ ያልሞከርኩት የለም ጋሼ" አለች ኢንጂነሯ። ዓይኗ ቀልቷል። "አጥፍቼ አበራሁት። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጫንኩት። ፊደሉን ቀየርኩት። በእንግሊዝኛ ሳወጣው ሙሉውን ያወጣል። በእኛ ቋንቋ ሲሆን ነው ያቺን መስመር የሚውጣት። ለዚያ ነው ምናልባት ፕሪንተሩ ይሆን ያልነው።"

"ያልተገኙ ጽሑፎች የሚመዘገቡበትን አይተሽዋል?"

"የቱን?"

ማንም ተቀመጥ ሳይለው ኮምፒውተሩ ፊት ያለው ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ከአሥር ዓመት በፊት የተማረው ነገር ከጣቱ አልጠፋም። ዲግሪ የለውም፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጧል። ግን ይህ ፕሮግራም ወደዚህ ቤት ሲገባ ሳጥኑን የከፈተው እሱ ነው። ሁለት ቦታ ተጫነና መዝገቡ ተከፈተ። አንዲት መስመር ብቻ ነበረች።

ጽሑፍ አልተገኘም። መለያ፦ ሳምንታዊ።

"ይኸውልሽ" አለ። "ፕሮግራሙ በራሱ ዓረፍተ ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የእያንዳንዱን ጽሑፍ መለያ ብቻ ነው። ጽሑፉ ራሱ በየቋንቋው በፋይል ተቀምጧል። ለእኛ ቋንቋ ሁለት ፋይል ነው የተሠራው፤ መጀመሪያ አዲሱን ይጠይቃል። እዚያ ካጣ አሮጌውን ይጠይቃል። ከሁለቱም ካጣ ዝም ብሎ ባዶውን ያልፈዋል። አይጮህ፣ አይናገር።"

አዲሱን ፋይል ከፈተው። "ሳምንታዊ" የሚል የለበትም። ደስ አለው። ይህን መካድ አይቻልም፤ እዚያው ወንበር ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ሴትዮዋ እያጣጣረች፣ ደስ አለው። አዲሱን ፋይል ያዘጋጁት ዲግሪ ያላቸው አምስት የኮሚቴ ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢያቸውም ይኸው ኃላፊ። "እዚህ ቤት በሳምንት አንዴ የሚዋጥ መድኃኒት የለም" ብለው ነው መስመሯን የጣሏት። መድኃኒቱ የገባው ባለፈው ወር ነው።

"አላልኩም ነበር?" አለ ወደ ኃላፊው ዞሮ። "አንድም እንዳትጥሉ አላልኩም?"

"አሁን የድሮ ጉዳይ አታንሳብኝ።"

"ግን ጋሼ" አለች ኢንጂነሯ፣ "አዲሱ ላይ ካጣው አሮጌው ላይ ማግኘት ነበረበት አይደል? አሮጌው የት ሄደ?"

እጁ ከማውሱ ላይ ተነሣ።

አሮጌው ፋይል የእሱ ነበር። አንድ ሺህ አራት መቶ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ነው የተረጎመው። ከሥራ ሲገባ ለእናቱ ያነብላት ነበር፤ ነፍሷን ይማርና፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች። ያልገባትን ይሰርዛል፤ እሷ ያለችውን ይጽፋል። ይህችን መስመር ሲያነብላት፣ "በሌሎች ቀናት አይወሰድም" ብሎ ነበር የጻፈው።

"ማነው የማይወሰደው?" አለችው። "'እንዳይነኩት' በላቸው እንጂ! እንዲያ ስትል ነው ሰው የሚፈራው።"

"እንዳይነኩት" ብሎ ጻፈ።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ቀን ኃላፊው ፋይሉን ጮክ ብሎ አነበበው። "'ሆድዎ ሲጠግብ ይዋጡት።' ያልጠገበስ ምን ይሁን ጎበዝ?" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "ለመሆኑ እስከ ስንተኛ ተምረሃል?" አለው ቀጥሎ፣ በሰው ፊት። በሳምንቱ ጠረጴዛው ወደ ምድር ቤት ወረደ። እሱም ከመውረዱ በፊት ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጠና ከማሽኑ አጠፋው። የናቁትን ምን ያደርግላቸዋል? ፍላሹን ከቁልፎቹ ጋር አሰረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሱ ውስጥ እየተንሿሿ ጠበቀ። እሱም ፕሮግራሙ የሚበላሽበትን ቀን ጠበቀ። መጥተው "ጋሼ አውጣን" የሚሉበትን ቀን።

ዛሬ መጡ።

ቁልፎቹን አወጣ። ፍላሹን ሰካና ፋይሉን ወደ ቦታው መለሰው። የሴትዮዋን ወረቀት እንደገና አዘዘ። ፕሪንተሩ አጉረመረመና አወጣው።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ቀኑን እንዳይረሱ ምልክት ያድርጉ። በሌላው ቀን እንዳይነኩት።

ኢንጂነሯ ወረቀቱን አየች። ቁልፎቹ የተንጠለጠሉበትን ፍላሽ አየች። ሞኝ አይደለችም፤ ገባት።

የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ኃላፊው አነሳው። "እሺ" አለ። "እሺ። መቼ?" ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና መነጽሩን ጠረገ።

"ሴትዮዋ አርፋለች።"

ኢንጂነሯ አፏን በእጇ ያዘች። ኃላፊው መሳቢያውን ከፍቶ ቅጽ አወጣ፤ ቆሞ መጻፍ ጀመረ።

"ስማኝ ወንድሜ" አለ። ወንድሜ ብሎት አያውቅም። "ፕሪንተሩ ደህና ነው ብለሃል። ፕሮግራሙም ይኸው ይሠራል። መርምሬ ደህና ሆኖ አግኝቼዋለሁ ብለህ እዚህ ጋ ፈርም።"

"ምክንያቱስ? ምን ብለህ ጻፍክ?"

"የቤተሰብ የአሰጣጥ ስህተት። ውሸት ነው? ልጅቷ ናት የሰጠቻት። ያልገባት ነገር ካለ ለምን አልጠየቀችም?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንተንም እኮ ያለ ቦታህ ነው ያስቀመጥንህ። ይሄ ይለፍና ጠረጴዛህ ወደ ላይ ይመለሳል። መስኮቱ አጠገብ።"

ሁለት ዓመት የጠበቀው ቃል ይኸው መጣ። እስክሪብቶውን ተቀበለ። ቅጹን አየው፤ ስሙ ሙሉውን ከነአያቱ ተጽፏል። ኃላፊው ስሙን ያውቀው ኖሯል።

እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አስተኛው። ሁለቱን ወረቀቶች፣ ባዶዋንና ሙሉዋን፣ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወጣ።

"ወዴት ነው? አንተ!"

ደረጃው ጋ ሲደርስ እግሩ በልማድ ወደ ታች ሊወርድ ነበር። መለሰው።

አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ልጅቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። የመድኃኒቱን ብልቃጥ በሁለት እጇ ይዛዋለች። አጠገቧ ሲቀመጥ ቀና ብላም አላየችውም።

"ማንበብ እችላለሁ እኮ ጋሼ" አለች፣ ማንነቱን ሳታውቅ። "አሥራ ሁለት ጨርሻለሁ። ጠዋት ጠዋት በእጄ ነው የምሰጣት። እሷ ደግሞ 'ተባረኪ' እያለች ትውጣለች። እንዴት ነው ያላየሁት?"

"አልተጻፈም ነበር ልጄ።"

ዞር ብላ አየችው። ወረቀቶቹን ከኪሱ አውጥቶ ጭኗ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ጣቱ ላይ ያለው ቀለም የባዶውን ቦታ ጠርዝ ነካው።

"ከዚህ ጋ አንዲት መስመር ነበረች" አላት። "ያነሳኋት እኔ ነኝ።"