እጅ የሚበላው መልእክት

ፍሪጅ ጠጋኙ የተማረ ሰው ባየ ቁጥር ሆዱ ይሻክራል። የገዛ ወንድሙ እንኳ በምረቃው ቀን «ወንድሜ ነው» ብሎ ለአንድም እንግዳ አላስተዋወቀውም። ከዘመድ ሁሉ ከልቧ የምታከብረው የእህቱ ልጅ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን የምትሠራበትን ቤተ ሙከራ ፍሪጅ ሊጠግን ሄደና እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን ብልቃጦቿን አቅፋ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አይንኩኝ፣ አጎቴ።»

«አንቺም ተጠየፍሽኝ?» አለና መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። ሁለተኛ ዓይኗን ላያይ ቆርጧል።

«ኧረ ይስሙኝ። እዚህ የማሳድጋቸው ሴሎች ላይ እድገት የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ጨምሬባቸው ነበር። ፕሮቲኑ በራቸውን አንኳኩቶ ‹እደጉ› ሲላቸው፣ ትእዛዙን አር ኤን ኤ በሚባል ቅጂ ገልብጠው ወደ ሥራ ይልካሉ። የያዝኩት ያንን መልእክት ነው። የሰው ቆዳ ላይ ደግሞ እሱን ቅርጥፍ አድርጎ የሚበላ ነገር አለ።»

«የኔ ቆዳ ላይ?»

«የሁላችንም። ጓንት ያጠለቅኩት ለምን ይመስልዎታል?»

«የአለቃሽም? የዶክተሩ?»

«የሱማ አይነሳ። ባለፈው በባዶ እጁ ነካክቶ የሳምንት ልፋቴን ውኃ አስበላው።»

ጠጋኙ ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፤ አልሆነለትም። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሷም ብልቃጦቹን በረዶ ውስጥ ሻጥ ሻጥ አድርጋ፣ ጓንቷን አውልቃ እጁን ጥብቅ አድርጋ ጨበጠችው።

«በይ ልቀቂኝ፣ ፍሪጅሽን ልይልሽ» አላት ዓይኑን እየጠረገ። «ያ ዶክተርሽ ሲመጣ ግን ጥሪኝ። እጁን ሲዘረጋልኝ እኔም ልሽሸው።»