የአጥናፉ ጣቶች

ብቅ ብለው ነበር ጣቶቹ... ከጄሶው ጫፍ፣ ተደርድረው፣ ከደጅ ብቅ እንዳሉ ልጆች።

አሻቸው ነበር እኔ፣ በመዳፌ... ይሞቁልኝ ብዬ። አይሞቁም። እተነፍስባቸው ነበር፣ በአፌ... ይቅለላቸው ብዬ። አይቀልላቸውም።

ባሌ ነው አጥናፉ። ምክትል አስር አለቃ አጥናፉ። የተሳፈረበት ኦራል መኪና ተገልብጦ ቅልጥሙ ተሰበረ ሲሉኝ፣ የሽንኩርት መደቤን ለጎረቤት ጥዬ፣ ከሞጣ እዚህ የጦር ሆስፒታል ድረስ መጣሁ። ነፍሱ ተርፋለች፣ እግሩ በጄሶ ታስሯል። እሰይ፣ ተመስገን አልኩ። ምን አውቄ!

አበጠ እግሩ። ጠበቀው ጄሶው። ጣቶቹ መጀመሪያ ገረጡ፣ ቀጥሎ ጠየሙ፣ ቀጥሎ... ብርድ የመታው ድንች መሰሉ።

ይህን የማየው እኔ ነኝ። ኮሎኔሉ ሲገቡ ግን ብርድ ልብሱ ቀጥ ብሏል።

እንዲህ ነው እዚያ ቤት ጠዋት ጠዋት። ነርሷ፣ ሃምሳ አለቃ ጥሩነሽ፣ ከአልጋ አልጋ ትሮጣለች። ትራስ ታቃናለች፣ ብርድ ልብስ ትወጥራለች፣ በሽተኛውን ከአገጩ እስከ እግር ጥፍሩ ትሸፍናለች። የጦር ቤት ነዋ! የተጨማደደ አልጋ ከተገኘ የምትቀጣው እሷ ናት። እኛን ጠያቂዎቹን ወደ ኮሪደር ታስወጣናለች። ከዚያ አንዱ «ተጠንቀቅ!» ብሎ ይጮኻል።

ይጠነቀቃሉ በሽተኞቹ... ተኝተው። እጅ ከጎን፣ አገጭ ወደ ላይ፣ ዓይን ወደ ጣራ። መጀመሪያ በበሩ ስንጥቅ ሳያቸው ሳቄ ሁሉ መጥቶ ነበር። ተኝቶ ተጠንቀቅ የት አገር አለ?

ይገባሉ ኮሎኔሉ። ሐኪሙ። ጄሶውን በገዛ እጃቸው የጠቀለሉት እሳቸው ናቸው።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ጌታዬ!»

ያልፋሉ። ብርድ ልብሱ ቀጥ ብሏል።

እገባለሁ እኔ፣ ከኮሪደሩ። እገልጣለሁ። ላብ አጥምቆታል፣ የትራሱን ጫፍ ነክሷል፣ ዓይኖቹ ፈጥጠዋል... ደህና ነኝ ያለው ሰውዬ።

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? ለምን አትነግራቸውም? ምላስህን ማን ቆረጠው?»

«ሽታዬ፣ ተይኝ በቃ። እዚያ ጥግ ያለው ሆዱ ተቀዶ እንኳ ደህና ነኝ ነው የሚለው። እኔ በአንድ እግር አመመኝ ልበል? በጓዶቼ ፊት አታዋርጂኝ።»

ጉድ እኮ ነው! በመሞት ሊበላለጡ ነው እንዴ?

ጥሩነሽን ተከትያት ወጣሁ። በእናትሽ አልኳት። በወለድሽው አልኳት። ይህን ጄሶ ቅደጂለት አልኳት። ጎትቼ አመጣኋት፣ ገልጬ አሳየኋት። አየቻቸው ጣቶቹን... አየቻቸው! ፊቷ ልውጥ አለ።

«ኮሎኔሉ ያሰሩትን እኔ አልፈታም» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሳልጠየቅ እሳቸው ፊት አልናገርም። ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።»

አልጠየቋትም። በማግስቱም አልጠየቋትም። «እንዴት ነህ?» «ደህና ነኝ፣ ጌታዬ!»... ብርድ ልብሱ ቀጥ ብሏል።

ከዚያ ሽታው መጣ። ይህን ማውራት ይከብደኛል... የባሌ እግር ሸተተኝ። እጄን ጣቶቹ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ቆነጠጥኳቸው። «ይሰማሃል?» አልኩት። «ምኑ?» አለኝ።



ያን ጠዋት ከክፍሉ አልወጣሁም። ከመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ተሸሸግሁ። «ተጠንቀቅ!» ሲባል ሰማሁ፣ ጫማቸው ሲቀርብ ሰማሁ፣ «ደህና ነኝ፣ ጌታዬ!» ሲል ድምፁ ሲሰነጠቅ ሰማሁ... ዘልዬ ወጣሁና ብርድ ልብሱን ከእግሩ በኩል ገለበጥኩት።

«ይዩት! በልጆችዎ፣ አንዴ ይዩት! ውሸቱን ነው፣ ደህና አይደለም!»

ማን ያየዋል? ኮሎኔሉ ያዩት እኔን ነው። እኔን፣ ቀጥሎም ጥሩነሽን።

«ይህቺን ሴት ማን አስገባት?»

ተጠየቀች ጥሩነሽ... እንደ ተመኘችው ተጠየቀች። ጥያቄው ግን ሌላ ሆነ።

አጥናፉስ? የሱ ነገር! አንገቱን ከትራሱ ነጥሎ፣ የቀረችውን ጉልበት አሟጦ...

«ይቅርታ፣ ጌታዬ! ደህና ነኝ፣ ጌታዬ!»

ጎትተው ሲያስወጡኝ ዞሬ አየሁ። ጥሩነሽ ብርድ ልብሱን መልሳ ትወጥራለች።

ከግቢው በር ውጭ አስቀሩኝ። ለመንኩ፣ ተንበረከክሁ፣ ተሳደብኩ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ዘበኛው ደግ ልጅ ነው፣ ዓይኑን ከእኔ ያሸሻል። «እቴዋ፣ ትእዛዝ ነው» ይለኛል። ማነው ትእዛዝ? እናት የለውም ወይ? እግር የለውም ወይ? ወይ እመብርሃን... ከግድግዳው ወዲያ ባሌ እየሸተተ፣ ከግድግዳው ወዲህ እኔ እየጮህኩ፣ ፀሐይ ወጣብኝ፣ ዝናብ መታኝ።

በኋላ «ግቢ» አሉኝ። ያን ጊዜ አወቅሁ። ደግ ነገር ቢሆን ኖሮ አያስገቡኝም ነበር።

ከጉልበቱ በላይ ቆርጠውታል።

ኮሎኔሉ ራስጌው ቆመዋል። «ለምን በጊዜ አላመለከትክም?» ይሉታል ባሌን። በቁጣ እንኳ አይደለም፣ በሐዘኔታ። ከእንግዲህ አንቱ አልለውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ... ይህን ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

አጥናፉ ጣራ ጣራውን ያያል።

ሰው ሁሉ ወጣ። ጥሩነሽ አልጋውን ልታስተካክል መጣች፣ አየችኝ፣ ከመንገድ ተመለሰች።

«ሽታዬ...»

«ወዬ።»

«አመመኝ።»

አለው! አለው እኮ፣ ያን ቃል... በተጋባንበት ዘመን ሁሉ ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን። ስንት ጊዜ ለምኜው፣ ስንት ጊዜ ተቆጥቼው፣ አሁን አለው።

«የት ጋ ነው፣ የኔ ዓለም?»

«ጣቶቼን።»

ምን ልበለው? የሉም ልበለው? እጄን ሰደድኩ... ብርድ ልብሱ ወደ ሰጠመበት፣ አልጋው ባዶ ወደ ሆነበት። አሸሁት ፍራሹን፣ በመዳፌ፣ ቀስ አድርጌ።

«ትንሽ ወደ ታች» አለኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ወደ ታች ወረድኩ። አሸሁለት።