ሽባባው ለግድግዳው የሚናገረው

ሽባባው ዳንግላ ወህኒ ቤት ከገባ ጀምሮ ዘቡ አድማሴ ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም። እስረኛው የዘንገና ገበሬ ነው፤ የጎረቤቱን የጤፍ ክምር አቃጥሎ ተይዟል፤ በእግር ብረት ያሰረውም አድማሴ ነው። ዳኛው አድማሴን ጠርተው፣ "እብድ ነው ይሉኛል። ያስመስል እንደሆነ እየው፤ በቀጠሮው ቀን ትመሰክራለህ" ብለውታል።

አድማሴ የቢቸና ሰው ነው፤ አገውኛ አይሰማም። ሽባባው ደግሞ ዘብ በተለወጠ ቁጥር ወደ ግድግዳው ዞሮ በአገውኛ ያንሾካሹካል። "ከወዲያ ሰው አለው፤ ሊያመልጥ ነው" ሲል ጠረጠረ አድማሴ። ከግድግዳው ጀርባ ዞሮ ቢያይ ዱካ የለም። ይኸው ራሱ ይበልጥ አሳሰበው።

ለታሰረ ባሏ ስንቅ የምታመላልስ እታለማሁ የምትባል ሴት ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች። አንድ ጠዋት አድማሴ ወደ ግድግዳው አስጠጋትና፣ "ምን እያለ ነው?" አላት።

ጆሮዋን ሰጥታ ቆየች። "'በሩን ዝጉት፣ ቢላዋ ይዘዋል' ይላል። 'ከነክምሩ አቃጥያቸው ነበር፣ አልሞቱም' ይላል።"

"ዘመድሽ ነው?"

"አይደለም፣ ጌታዬ።"

"ቢሆንስ ትነግሪኝ ኖሯል?"

ስንቋን አንስታ ወደ ባሏ ሄደች።

አላመናትም። አገውኛ የሚሰማውን፣ ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር የተወለደውን አሥር አለቃ ሀብቱን፣ የሴትዮዋን ነገር ሳያነሳ፣ እዚያው ግድግዳ ሥር አስቀመጠው። ሀብቱ ያንኑ ቃል ይዞ ተመለሰ።

"በቀዳዳ አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል" አለው። "ማንም ሳያየው ለማን ብሎ ያስመስላል?"

አድማሴ ሽባባው ያልነካውን የሦስት ቀን ቂጣ አሰበ። እልህ መስሎት ነበር። ያን ዕለት ከአዲሱ ቂጣ ቆርሶ መጀመሪያ እሱ ጎረሰ፤ ሽባባው አፉን አፉን እያየ ቆየና የቀረውን ተቀብሎ በላ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ጠየቁት።

"ሕመሙን አላውቀውም፣ ጌታዬ" አለ አድማሴ። "የሚያስመስል ግን አይደለም። ቋንቋውን ስላልሰማሁ ነው የጠረጠርሁት።"

ዳኛው አስተርጓሚ አስጠርተው ሽባባውን ራሱን ሰሙ። ከዚያ ብረቱ እንዲወልቅ፣ ሚስቱ ስሜነሽ ዋስ ሆና ጸበል እንድትወስደው፣ አድማሴም እንዲያጅብ፣ ክሱ ሲሻለው እንዲታይ አዘዙ።

ስሜነሽ ደጁ ላይ ጎንበስ ብላ የባሏን ቁርጭምጭሚት አየች። ብረቱ ቆዳውን ልጦታል። ቀና ብላ አድማሴን አየችው።

"እርስዎ ነዎት ያሰሩት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ከጎኑ አይሂዱብኝ።"

አድማሴ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ወደ ጸበሉ በሚወስደው የቆሰበር መንገድ ተከተላቸው። ስሜነሽ በየጥቂቱ እየዞረች ታየው ነበር።