ሦስተኛው ካንዴላ

ሚስቴ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ትሄዳለች፤ የምወስዳትም እኔ ነኝ። ከጡረታ በኋላ ከመጽሐፍ ተምሬ የምጠግናት አሮጌ መኪና አለችን። ባለፈው ወር መንገድ ላይ ብትቆምብን ልጃችን፣ «አባዬ፣ ሁለተኛ ብትቆም ቁልፉን እወስዳለሁ፤ በታክሲ ትሄዳላችሁ» አለችኝ። ሚስቴ ግን ከእጥበት ስትወጣ ያስመልሳታል። በባዕድ ሰው መኪና ውስጥ ከማስታወክ ሞቷን ትመርጣለች።

ቀጠሮው ለአራት ሰዓት ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩን ባስነሣው እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈ። ሚስቴ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ከአራቱ ፒስተኖች አንዱ ሥራ ፈትቷል ማለት ነው። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ሞተሩ እየዞረ በየፒስተኑ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ሽቦ በደረቅ ጨርቅ ይዞ በየተራ መንቀል ነው። የሚሠራው ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፤ የሞተው ሲነቀል ለውጥ የለም።

አንደኛውን ነቀልሁ፤ ለውጥ የለም። መለስሁት። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውም እንዲሁ። አራቱም ሞተዋል እንዳልል ሞተሩ ይዞራል። እጄን መኪናዋ ላይ ባሳርፍ የእርሷን መንቀጥቀጥ ከራሴ መለየት አቃተኝ።

ጆሮዬ ከከዳኝ ዓመት አልፎታል። ለማንም አልተናገርሁም። ባለፈው ወር መንገድ ላይ የቆምነውም ሞተሩ አስቀድሞ ሲያጉረመርም ስላልሰማሁት ነው።

ሚስቴ ትከሻዬን ነካችኝ። ከመኪናው ወርዳ መጥታለች።

«አንተ ሰውዬ! ሦስት ጊዜ ጠራሁህ።»

«ሞተሩ ይጮኻል።»

«ሞተሩንስ ሰማኸው?»

በእጄ የያዝሁትን ጨርቅ አገላበጥሁ።

«በል እንደገና ንቀል። እኔ ተቀምጬ እነግርሃለሁ። ይቺ መኪና ስትጎረብጥ የኖረችው የእኔን ወገብ ነው።»

ተመልሳ ተቀመጠች። አንደኛውን ስነቅል በመስኮቱ እጇን አውጥታ ወደ ታች አወረደችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በሦስተኛው እጇ ባለበት ቆመ።

«ምንም የለም። የተኛው እሱ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አርባ ዓመት ካንኮራፊ ጋር የኖረች ሴት የተኛ አይጠፋትም።»

ሞተሩን አጥፍቼ ሦስተኛውን ካንዴላ ፈታሁት። ነጩ ሸክላው እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል። መሳቢያ ውስጥ ያኖርሁትን ትርፍ ካንዴላ ተክቼ አስነሣሁና ፊቷን አየሁ።

«ቀና?»

«ቀንቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽብኝ?»

«በር ሲንኳኳ ‹ማነው?› ማለት ከተውህ ጀምሮ።»

«ለልጅቷ ንገሪያት።»

«አፍ የለህም? ደውለህ ንገራት እንጂ።»

«በስልክ አልሰማትም።»

ሳቀች፤ ሳቁም አደከማት። «ስንደርስ እደውልላታለሁ። ቁልፉንም ትውሰድ፤ ግን እየመጣች ራሷ ትንዳን። ዛሬ ቀጠሮ አለኝ፣ ንዳ።»

መንገዱን ሙሉ እጇን ጉልበቴ ላይ አኑራ ነበር። ከኋላችን ክላክስ በተነፋ ቁጥር መታ ታደርገኛለች። ሆስፒታሉ በር እስክንደርስ ስምንት ጊዜ መታችኝ። ከስምንቱ ክላክስ እኔ የሰማሁት ሁለቱን ነው።

ደግፌ አወረድኋት፤ ቁልፉንም ቦርሳዋ ውስጥ ጨመርሁት።