የሴይጋይ ጉሮሮ

ባለቤቴ ሙናካታ ሴይጋይ ድምፁ የተዘጋው ለፓርላማ በተወዳደረበት ዓመት፣ በብርዱ ወራት ነው። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎን ነበር። እሱ ደግሞ ጋዜጣውን መንግሥት እንደገና ስላገደበት ንዴት ነው የዘጋኝ ይል ነበር። እናቱ እማማ ራኩ ግን፣ «ሲለፈልፍ የኖረ ጉሮሮ ነው፤ ትንሽ ይረፍ» አሉ። ዝንጅብል አፍልቼ አጠጣሁት። የባሮ ሽንኩርት ጠብሼ፣ በጨርቅ አድርጌ አንገቱ ላይ ጠመጠምኩለት። ቤቱ ሁሉ ሽንኩርት ሸተተ እንጂ ድምፁ አልተመለሰም።

በኢዋኖሴ ወደብ ሴይጋይን የማያውቅ አልነበረም። የሳሙራይ ልጅ ሆኖ ሳለ የአባቱን ጎራዴ ሸጦ የማተሚያ መኪና የገዛ ሰው ነው። በጻፈው ነገር ሁለት ጊዜ ታስሯል። ከሁሉ በላይ ግን ስሙን ያስጠራው ልብ ወለዱ ነው። «የነገው ሸንጎ» ይባላል፤ ሚሳኦ የምትባል ወጣት ሴት ገና ወደፊት በሚመጣ ፓርላማ ውስጥ ቆማ ለሕዝቡ መብት ስትናገር የሚያሳይ ነው። ማንበብ የማይችሉት አሳ አጥማጆች እንኳ የሚያነብላቸው ፈልገው፣ መረባቸውን እየጠገኑ ሰምተውታል። በዚያ ዓመት ስንቱ ሴት ልጁን ሚሳኦ አላት።

ሚሳኦ የምትናገረው ንግግር የኔ ነው። ምስጢር ነው እንዳልል፣ ራሱ ሴይጋይ በየመጠጥ ቤቱ ሲያወራው ኖሯል። ሴቶች መድረክ ላይ መውጣት ባልተከለከሉበት ዘመን፣ ገና ልጅ እግር ሳለሁ፣ በአንድ ቲያትር ቤት ተናግሬ ነበር። እሱ ፊት ለፊት ከጋዜጠኞቹ ወንበር ተቀምጦ ይጽፋል። ስጨርስ መጣና፣ «ከተናገርሽው አንዲት ቃል አልጣልኩም። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ባል አለሽ?» አለኝ።

«ይሄም ጋዜጣ ላይ ይወጣል?» አልኩት።

ሲስቅ እርሳሱ ከእጁ ወደቀ። ከተጋባን በኋላ፣ «ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ብዬ ጽፌ ቤቴ ውስጥ አንቱ ልባል አልችልም» ብሎ አስቸገረኝ። ስለዚህ እማማ ራኩ ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን «አንተ»። እማማ ራኩ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉታል።

ከዚያ ምርጫ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሕግ ወጣ። ሴት የፖለቲካ ስብሰባ ላይ መናገር ቀርቶ ተቀምጣ መስማትም አትችልም የሚል። ሴይጋይ ተቃውሞ ጻፈ፤ ጋዜጣው ታገደ። የፓርቲያችን ሰዎች ቤታችን መጥተው ሳኬያችንን እየጠጡ፣ «በጣም ያሳዝናል፤ ግን አሁን ጊዜው አይደለም። መጀመሪያ ፓርላማውን እንያዝ» አሉን። እኔ ነበርኩ የምቀዳላቸው።

ምርጫው ሲታወጅ ሐኪም አስመጣን። ሐኪሙ የሴይጋይን አፍ በመስታወት አየና፣ «ሳንባ ነቀርሳ ነው። ወደ ጉሮሮው ወጥቷል። ከእንግዲህ እንዳይናገር» አለ።

«ካልተናገረ ይድናል?» አልኩት።

ሐኪሙ መሣሪያዎቹን እየጠራረገ ወደ ቦርሳው መክተት ጀመረ። መልሱ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሴይጋይ ጋር የምናወራው በማንደጃው አመድ ላይ ሆነ። የከሰሉን መቆንጠጫ ይይዝና አመዱ ላይ ይጽፋል፤ ካነበብኩት በኋላ አመዱን መልሶ ይደለድለዋል። በዚያ ማታ፣ «ከውድድሩ ልውጣ?» ብሎ ጻፈ።

«ትፈልጋለህ?» አልኩት።

አመዱን አለሰለሰው። መቆንጠጫውን አስቀመጠ።

ከውድድሩ አልወጣም፤ የምርጫ ንግግሩን ካጂታ እንዲያነብለት ተስማሙ። ካጂታ ከጋዜጣው ባልደረቦች ሁሉ ታማኙ ነው፤ ልቡ እንደ በሬ፣ ድምፁም እንደ በሬ። ሳሎን ውስጥ ቆሞ ሲለማመድ ግን ለሙታን እንደሚጸልይ መነኩሴ በአንድ ዜማ ይጎትተዋል።

«የማን ተዝካር ነው?» አሉ እማማ ራኩ ከማዶ ክፍል።

«የእኔ ነው እንግዲህ፣ እናታችን» አለ ካጂታ።

ሴይጋይ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ እጅጌውን ከአፉ ሲያነሳ ደም ነበረበት። ሁላችንም ያላየን መሰልን።

ያ ምርጫ ምርጫ አልነበረም። ጎራዴ የታጠቁ ዱርዬዎች የፓርቲያችንን ሰው በየመንገዱ ይደበድባሉ፤ ፖሊስ ቆሞ ያያል። ትልቁ ስብሰባችን በከተማው ቤተ መቅደስ አዳራሽ በተጠራበት ቀን ካጂታን ድልድዩ ላይ ጠብቀው ጥርሱን አረገፉት፤ የንግግሩንም ወረቀት ወንዝ ውስጥ ጣሉት። በበር ሳንቃ ላይ አስተኝተው ወደ ቤተ መቅደሱ ሲያመጡት አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሰው ደጅ ድረስ በጭቃው ላይ ቆሟል።

እኔ የቤተ መቅደሱ ማድቤት ውስጥ፣ ከአለቃው ሚስት ጋር ለተሰብሳቢው ሩዝ በእጄ እየጨበጥኩ እያድቦለቦልኩ ነበር። ማድቤቱንና አዳራሹን የሚለየው አንድ የወረቀት በር ነው። ጠዋት ስብሰባውን ሊቆጣጠር የመጣውን የፖሊስ አዛዥ፣ «እዚህ መሆን እችላለሁ?» ብዬ ጠይቄው፣ «ማብሰል አልተከለከለም፣ እመቤት» ብሎኛል።

ካጂታን አንድ ጥግ አስተኙት። ሴይጋይ መድረኩ ላይ ብቻውን ቆመ። በበሩ ስንጥቅ ይታየኛል። አፉን ከፈተ። ከፊት የተቀመጡት ጆሯቸውን አቀኑ። ከአፉ የሚወጣው እንደ ደረቅ ቅጠል ያለ ነገር ነው፤ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገታትሮ ይታያል።

«አቶ ሙናካታ፣ ጋዜጣውን ሲዘጉብህ ምላስህንም አብረው ወሰዱት እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

«ተዉት፣ ታሟል» አለ ሌላው።

«የታመመማ ቤቱ ይተኛ። ፓርላማ ሆስፒታል ነው?»

ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ። ግማሹ የሚሳኦ ነው፤ የሚሳኦ ደግሞ የኔ ነው። እጄን ከሩዙ አጠብኩና በሩን ከፈትኩ።

«እኔ አውቀዋለሁ። እኔ እናገርለታለሁ» አልኩ።

የፖሊስ አዛዡ ከወንበሩ ተነሳ። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ እንደሰለቸው ሰው ነው የተናገረው። «እመቤት፣ አንድ እግርሽ ከገባ ስብሰባው ይበተናል። አንቺም ትታሰሪያለሽ።»

የስብሰባው ሰብሳቢ ኦኪታ የሚባል የሳኬ ጠማቂ ነው። ሴት ልጁን ሚሳኦ ካሏት አንዱ እሱ ነው። እየሮጠ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «እትዬ ቶሴ፣ በሞቴ፣ እባክሽ ተመለሽ።»

«ለምን?»

«አንቺ መቼም ታውቂያለሽ።»

«ምኑን ነው የማውቀው?»

ላብ አጥምቆታል። «ጊዜው አይደለም» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በእሱ ትከሻ አሳልፌ ሴይጋይን አየሁት። ከዚያ ሁሉ ወንድ መሃል የፈለግሁት አንዱን ነበር። ነይልኝ ቢል፣ በዓይኑ እንኳ ቢል፣ እገባ ነበር። ሴይጋይ እጁን አነሳ። መዳፉን ወደ እኔ አዞረ፤ ተመለሽ ማለቱ ነው። አላወረደውም።

በሩን ዘጋሁት።

የአለቃው ሚስት ቀና ብላ አላየችኝም። ጨው ያለበትን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና፣ «ሩዙ ሳይቀዘቅዝ እንጨርሰው» አለችኝ። ጨረስነው። ከበሩ ወዲያ ሰው እያጉረመረመ ሲወጣ፣ የእንጨት ጫማው ደረጃው ላይ ሲንኳኳ ይሰማል። አዛዡ ስብሰባውን መበተን እንኳ አላስፈለገውም።

ቤት ስንገባ ሴይጋይ ካባውን ሳያወልቅ ማንደጃው አጠገብ ቁጭ አለ። «ያስሩሽ ነበር» ብሎ ጻፈ።

«አንተስ ስንቴ ታሰርክ? በበረዶ እስር ቤት ስንቅ ሳመላልስ ማን ከለከለኝ?»

አመዱን ደለደለው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ «ብቻዬን እሞት ነበር» ብሎ ጻፈ።

ብሰደብ፣ ብመታ አውቅበታለሁ። መቆንጠጫውን ከእጁ ወሰድኩና ከሰል ጨመርኩ።

በምርጫው ተሸነፈ። የእሱ ደጋፊዎች የበዙባቸው የተራራው መንደሮች የምርጫ ሣጥን መንገድ ላይ ጠፋ፤ ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልተጠየቀም። ጥርስ አልባው ካጂታ አቤቱታ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። የሚናገረው ስለማይገባቸው ይስቁበት ነበር።

ሴይጋይ የልብ ወለዱን ሁለተኛ ክፍል ለመጻፍ ሞከረ። ሰው መንገድ ላይ ያገኘኛል፤ «እትዬ፣ ሚሳኦ እንዴት ሆነች? ተመረጠች?» ይለኛል። እያሰበበት ነው እላለሁ። እሱ ብሩሹን ቀለም ያስነክርና ጫፉ እስኪደርቅ ይዞት ይቀመጣል። አንድ ቀን፣ «አንተ፣ እኔ ልጻፈው?» አልኩት። ብሩሹን ወዲያው አቀበለኝ። ወረቀቱ ፊት ተቀመጥኩ። ሚሳኦን ከመድረኩ ላይ አውጥቼ የት እንደማደርሳት እኔም አላወቅሁም። ብሩሹን አጥቤ ሰቀልኩት።

ዝናቡ ሲጀምር ውሃ መዋጥ አቃተው። እጁን ይዤው ነበር። ብቻውን አልሞተም።

ፓርቲው በአርባኛው ቀን ግድም በቲያትር ቤቱ የመታሰቢያ ጉባኤ አዘጋጀ። ኦኪታ ቤታችን ድረስ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ነገረን። ተናጋሪዎቹ ስለ መንግሥት የፈለጉትን እንዲሉ ሲባል ጉባኤው በፖለቲካ ስብሰባነት ተመዝግቧል። «ስለዚህ እንግዲህ… እትዬ… እማማም…» ብሎ አልጨረሰውም።

«ገብቶናል። ሻይ ጠጣ» አሉት እማማ ራኩ።

በቀኑ ሁለታችንም የሐዘን ልብስ ለብሰን ሄድን። ከቲያትር ቤቱ ፊት ለፊት ጃንጥላ የሚሠራ ሰው አለ፤ ደጁ ላይ እንድንቀመጥ ምንጣፍ አነጠፈልን። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ወንዶቹ በፊታችን እያለፉ፣ ባርኔጣቸውን እያነሱ ይገባሉ። ካጂታ ሲያየን ቆመ፤ ከእኛ ጋር ሊቀመጥ ፈለገ። እማማ ራኩ፣ «ግባ፣ ግባ፤ አንተ እንኳ ግባ» ብለው አስገቡት።

በሩ ተዘጋ። ቆይቶ ጭብጨባ ተሰማ፤ እንደገና ጸጥ አለ።

«ምን እያሉ ነው?» አሉኝ እማማ ራኩ።

«አይሰማም፣ እማማ።»

ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከለል አድርገው ትንሽ ሞከሩ። ዝናቡ የጃንጥላ ሠሪውን ጣሪያ ይደበድበዋል። ጭብጨባው መጣ፤ አሁን ከቅድሙ ይበልጥ ረዘመ።

«ደህና ነገር ብለው ይሆናል» አሉ፤ እጃቸውንም ጉልበታቸው ላይ መለሱት።